ሳልለካ የሞላሁት ቁጥር

ይህን ነገር እስካለፈው ዓመት ድረስ ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ግማሹን ነው። አንባቢዎቼ፣ ቀስ ብዬ ባወራችሁ አትቸኩሉብኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነኝ፤ ብዕር ስይዝ እጄ ይከብደኛል።

ሰይድ በሉኝ። የሐርቡ ሰው ነኝ። ሳዑዲ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ መካ፣ ጀርወል፣ የሑጃጅ ሻንጣ እሸከም ነበር። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ወደ ጅዳ ወረድኩና ኦብሑር ውስጥ የአንድ ሀብታም ሻሌ፣ የባሕር ዳር መዝናኛ ቤት፣ ጠባቂ ሆንኩ። ኦብሑር ባሕሩ እንደ ጣት ቀጥኖ ወደ መሬት የገባበት ቦታ ነው። በዚህም በዚያም ዳር ቪላና ሻሌ ተደርድሯል። የእኛ ሻሌ ከጣቱ ጫፍ፣ በውስጠኛው በኩል ነበር። ከፊሌ፣ አሠሪዬና ዋሴ ማለት ነው፣ አቡ ባሲም ይባላል፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በየጊዜው ያድስልኛል፤ ስታመም ያሳክመኛል።

አቡ ባሲም አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ነበረችው። በዚያ ዓመት የናፍጣ ሞተሯ ጩኸትና ጭስ ሰለቸውና አስነቅሎ በኤሌክትሪክ ሞተር ሊቀይረው ተነሳ። ዋኢል የሚባል ግብጻዊ ሙሐንዲስ መጣ። ሞተሩን አስገባ፣ አራት ትልልቅ ባትሪዎች ከወለሉ ሥር ደረደረ፣ ከመሪው አጠገብ ደግሞ ባትሪው በየደቂቃው የሚሰጠውን ጉልበት በአምፔር ቆጥራ የምታሳይ ትንሽ መስኮት ገጠመ። ሸራዎቹን ለጥገና ወደ ከተማ ላኳቸው።

ዋኢል አራቱ ባትሪዎች ለሙከራ ብቻ መሆናቸውን ነገረኝ። ለጀልባዋ ስንት ባትሪ እንደሚገዛላት የሚታወቀው ራሷ ስትለካ ነው አለ። አንድ ደብተር ሰጠኝ። በደብተሩ ላይ አራት መስመር አስምሯል፤ ፍጥነት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሁለት ማለት ሰው በእግሩ ዘና ብሎ እንደሚሄደው ነው፤ አራት ማለት ሶምሶማ። በየፍጥነቱ ጀልባዋን አንዴ ወደ ነፋሱ አንዴ ከነፋሱ ጋር ነድቼ፣ መስኮቷ የምታሳየውን ከመስመሩ አጠገብ እንድጽፍ ነበር ሥራው። እሱ ለሁለት ሳምንት ወደ አገሩ ሄደ።

የመጀመሪያውን መስመር በደንብ ለካሁት። አምላክ ምስክሬ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሁለት ፍጥነት ስሄድ መስኮቷ አሥራ ሁለት አለች። አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ፍጥነቱን ስጨምር ግን ማዕበሉ የጎረቤቶቹን ትንንሽ ጀልባዎች እያጋጨ አስጮኸ፤ ጠባቂዎቹ ከዳር ሆነው ሰደቡኝ። ሌላውን ለመለካት እስከ ባሕሩ አፍ ወጥቶ መመለስ ያስፈልጋል። እሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መዋኛው መጽዳት አለበት፣ አትክልቱ ውሃ ይፈልጋል፣ ሐሙስ እንግዳ ይመጣል። በዚህ መሃል ዋኢል ከአገሩ ደወለና "ኸላስ?" አለኝ። እኔም "ኸላስ" አልኩት።

ይህችን ቃል እዚያ አገር የሠራ ሰው ያውቃታል። አሠሪ "ጨረስክ?" ሲልህ ሥራው ቢያልቅም ባያልቅም "ኸላስ" ትላለህ፤ ከዚያ ሮጠህ ትጨርሰዋለህ። "ገና ነኝ" ያለ ሰው ኢቃማው አይታደስለትም ብለን ስለምናስብ አፋችን ለምዶታል። እኔ ግን አልሮጥኩም። ማታውን ቁጭ ብዬ በሐሳቤ ሞላሁት። ልጅ ሆኜ ውሃ በአህያ አመላልስ ነበር፤ ለእጥፍ ውሃ እጥፍ አህያ ነው። ስለዚህ በሁለት አሥራ ሁለት ከሆነ በአራት ሃያ አራት ነው፤ ይህ ምን ይከብዳል አልኩ። እንዲያውም የሐሰት እንዳይመስል ሃያ አራቱን ሃያ አምስት አደረግኩት። ሦስቱንና አምስቱንም እንዲሁ። ደብተሩን ዘግቼ ከመሪው ሥር አስቀመጥኩት።

ይህ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ፍተሻው ተጀመረ።

ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በራሱ ከፊል ሥር የማይሠራ ሁሉ ይያዛል ተባለ። መንገድ ላይ የሐበሻ ፊት ጠፋ። ሰው ጣሪያ ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ ገና ያላለቀ ሕንፃ ፎቅ ላይ ተደበቀ። ግማሹ ደግሞ መሸሽ ሰልችቶት ልብሱን በፌስታል ይዞ እጁን ሰጠ።

በጎረቤት ቪላ ሰዓዳ የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የከሚሴ ልጅ። ከመጀመሪያ ከፊሏ ጠፍታ የወጣች ስለሆነ ኢቃማ አልነበራትም። ሐናን የምትባል የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ነበረቻት። ማዳሟ ልጅ ስለማትቀበል ሐናንን መካ ጀርወል ዘህራ ለምትባል ሐበሻ ሰጥታ በወር ከፍላ ታስቀምጣት ነበር። የልጅቱ አባት ከሁለት ዓመት በፊት ተይዞ አገሩ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

አንድ ጠዋት ሰዓዳ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። ማዳሟ ቅጣቱን ፈርታ ዛሬውኑ ውጪልኝ ብላታለች። ዘህራም ደውላ ነገ ከፈጅር፣ ከንጋት ሶላት በኋላ ከሌሎች ሐበሾች ጋር እጇን እንደምትሰጥ ነግራታለች። "ልጅሽን መጥተሽ ውሰጂ፤ ካልመጣሽ መንገድ ላይ አልጥላትም፣ የእኔ ናት ብዬ ይዣት እሄዳለሁ" ብላታለች።

"ታዲያ አገር ቤት ትቀበያት የለም?" አልኳት።

"አባባ ሰይድ፣ የዘህራን አገር አላውቀውም። እሷ ጅማ ትላለች፣ ሌላው ሐረር ነው ይላል። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ዘህራ አይደለም፤ ስሟን እንኳ አላውቅም። ነገ ጠዋት ካልደረስኩ ልጄን የት ብዬ ነው የምፈልጋት?"

ይኼ እውነት ነው። ስንቱ በሰው ስም በወጣ ፓስፖርት ነበር የመጣው።

ጀማል የሚባል የአገራችን ልጅ ነበር። መካ፣ ሚስፈላ ላለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት አትክልት የሚያደርስ፣ ኢቃማው የተስተካከለ ሹፌር ነው። ሰዓዳን መካ እንዲያደርስልኝ ደወልኩለት። ወደ እኛ ሻሌ መምጣት አልችልም አለ። በባሕሩ ጫፍ ዞሮ የሚያልፈው መንገድ ላይ ፍተሻ ቆሟል፤ በዚያ መንገድ ሴት ይዞ ከተያዘ አለቀለት። ግን ከባሕሩ አፍ አጠገብ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚያርፉበት ቦታ ከደረሰች እስከ መግሪብ፣ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አዛን እጠብቃለሁ፣ ከአዛን በኋላ አንድ ደቂቃ አልቆምም አለ። የሆቴሉ እንጀራ አለበት፤ አልፈረድኩበትም።

እኔ ጀልባዋን አሰብኩ። ድምፅ የላትም። በጠራራ ፀሐይ የሀብታም ጀልባ ላይ ሽማግሌ ጠባቂ ቢታይ ማን ይጠይቃል? ከእኛ እስከዚያ በሁለት ፍጥነት ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ባትሪው በዚህ አካሄድ ከስድስት ሰዓት በላይ ይቆያል። ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ብንነሳ ጊዜው ይተርፈናል።

አልተነሳንም። ፍተሻው ወደ መንደሩ ገባና የፖሊሶቹ መኪና ከቪላው በር ላይ ቆመ። ሰዓዳ ከአጥሩ ማዶ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ባዶ ባልዲ ይዤ፣ የዐስር ሶላት አዛን እስኪያልፍ ቆየን። መኪናዋ ስትሄድ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ለመግሪብ የቀረን አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው። በእግር መንገድ ፍጥነት አንደርስም።

ሰዓዳ ጥቁር አባያዋን ለብሳ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ ወደ ጀልባዋ ገባችና ከታች ካለችው ክፍል ደፍ ላይ ተቀመጠች። እጀታውን ገፋሁት። ዳሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ።

"ይኼ ነገር ሄደ ወይስ ቆሟል?" አለችኝ።

"ሄዷል። ድምፅ የለውም እንጂ።"

"እንደ ሌባ ነዋ የሚሄደው" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

ስለ ሐናን ነገረችኝ። ልጅቱ ዘህራን ማማ ነው የምትላት፤ ሰዓዳን ደግሞ በወር አንዴ ስታያት ኻላ፣ አክስቴ ማለት ነው። አማርኛ አትችልም፤ በዐረብኛ ነው የምትኮላተፈው። ባለፈው ስትሄድ ለጫማዋ ብርቱካናማ ማሰሪያ ገዝታላት ነበር፤ ልጅቱ አውልቃ ለዘህራ ሰጠቻት። "እናቴ አትበለኝ፣ ግድ የለም" አለች። "ዛሬ ከጎኔ ትተኛልኝ ብቻ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።"

ሰዓቴን አየሁ። ደብተሩን ከመሪው ሥር አወጣሁት። አራት ፍጥነት፣ ሃያ አምስት አምፔር ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት። ሃያ አምስት ከሆነ ባትሪው ሦስት ሰዓት ያህል ይቆየናል። የሚያስፈልገን አንድ ሰዓት ከአሥር ነው። እንዲያውም ቀድመን እንደርሳለን አልኩ። እጀታውን እስከ አራት ገፋሁት።

ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሳች። መስኮቷ ሰማንያ ስምንት አለች።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ይህችን ደቂቃ በየቀኑ እመለስባታለሁና። መስኮቷ እውነቱን እየነገረችኝ ነበር። እኔ ግን ደብተሩን አየሁ፣ መስኮቷን አየሁ፣ መስኮቷ ተበላሽታለች ብዬ ደመደምኩ። ቁጥሩን ራሴ ፈጥሬው፣ በሳምንቱ ፈጣሪው እኔ መሆኔን ረስቼ አመንኩት። ጽሑፍ ሆኖ ሳየው የሌላ፣ የተማረ ሰው ቃል መስሎኝ ነበር።

ሰዓዳ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ "አባባ ሰይድ፣ ባትሪው ይበቃል?" አለችኝ።

"ይበቃል" አልኳት። "ለክቼዋለሁ።"

ከሰሜን ምዕራብ በኩል የከሰዓቱ ነፋስ ተነሳ፤ ፊት ለፊታችን ነበር። መስኮቷ ዘጠና አለፈች። በእጄ ነካ ነካ አደረግኳት፣ እንደ ተበላሸ ሰዓት። ገና ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ከእግሬ ሥር የነበረው ትንሽ መንቀጥቀጥ ቀጠነ። እጀታውን ገፋሁት። ምንም። መስኮቷ አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች። ጀልባዋ በያዘችው ጉልበት ጥቂት ተንሸራተተችና ቆመች። ነፋሱ ቀስ ብሎ ጎኗን አዞራት።

አጥፍቼ አበራሁ። ጠበቅሁና አበራሁ። አንዳንዴ ትነሳና ሁለት ደቂቃ ገፍታ ትሞታለች። ሸራ የለን። መቅዘፊያ የለን። የዓሣ አጥማጆቹ ቦታ፣ ነጭ መኪናው ሳይቀር፣ ከሩቅ ይታያል። መልሕቅ ጣልኩ፤ ነፋሱ ወደመጣንበት እንዳይመልሰን። ጀማል ደወለ። የት ናችሁ አለ። ሞተሩ ቆመ አልኩት። "አባባ፣ አዛን ሊል ሃያ ደቂቃ ቀረው" አለ። ማንንም ጀልባ ያለው ሰው ለምንልኝ አልኩት። ጠየቀ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ፈሩ።

ሰዓዳ አልጮኸችም። ለዘህራ ስልክ ደወለች። ሐናንን ስጪኝ አለቻት። ልጅቱ መስመር ላይ መጣች መሰለኝ፣ ሰዓዳ በተሰበረ ዐረብኛዋ ስለ እራት ጠየቀቻት። ምን በላሽ፣ ጠገብሽ ወይ፣ እሱን ብቻ። አዛኑ በሁለቱም ዳር አለ። የጀማል መኪና መብራት በርቶ ዞረና ሄደ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችውም። እኔ አየሁት።

ከዚያ የባሕር ጠባቂዎች ጀልባ መጣ። ሊረዱን ነበር የመጡት፤ ሙት ጀልባ አይተው ገመድ ይዘው። አንዱ ወጣት ወታደር ሰላምታ ሰጥቶኝ "ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ምን ሆንክ?" አለኝ። ኢቃማዬን አሳየሁት። ቀጥሎ እሷን ኢቃማ ጠየቃት።

ሰዓዳ ተነስታ ቆመች። "የለኝም" አለች። "ይኼ ሽማግሌ አያውቀኝም። ሳያየኝ ታች ገብቼ ተደብቄ ነው።"

ወታደሩ ወደ እኔ ዞረ። "እውነት ነው?" አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ኢቃማ በእጄ ነበር። አገር ቤት በእኔ እጅ የሚበሉ ስድስት ነፍሶች ነበሩ። ይህን የምላችሁ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት በራሴ ውስጥ ያለፈው ይህ ስለሆነ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ አልኩ በራሴ ንቅናቄ።

እሷን በእነሱ ጀልባ አሻገሯት። ስትሻገር እጇን ይዤ ደገፍኳት። "ጀርወል ሂድልኝ" አለችኝ ቀስ ብላ በአማርኛ። እኔንም እስከ ጠዋት አቆዩኝ፤ አቡ ባሲም መጥቶ ፈርሞ አወጣኝ። አልተቆጣኝም። ቁርስ ብላ አለኝ። እኔ ወደ መካ የሚሄድ መኪና ፈለግሁ።

ጀርወል ስደርስ ዙሁር ሆኖ ነበር። የዘህራ በር ክፍት ነው። ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ቆሟል፤ ወለሉ ተጠርጓል። ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ቤቱን ጠርጎ መሄዱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ደረጃ ላይ የተቀመጠ የመናዊ ሽማግሌ፣ ከፈጅር በኋላ ሁሉም ሄዱ፣ ሴትዮዋ ሕፃን አዝላ ነበር፣ ሕፃኗ ተኝታ ነበር አለኝ። ስሟን ታውቃለህ ወይ አልኩት። "እሙ ሐናን" አለኝ፤ የሐናን እናት።

በሳምንቱ ዋኢል ተመለሰ። ደብተሩን ገለጠው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ አንድ። ብዙ አላየውም፤ ወዲያው ቀና አለ።

"ያ ዐም ሰይድ፣ እነዚህን ለክተሃቸዋል?"

የመጀመሪያውን ብቻ አልኩት። ደብተሩን ዘጋና ከአጠገቤ ተቀመጠ። ውሃ እንደ መንገድ አይደለም አለኝ። ፍጥነትህን እጥፍ ስታደርግበት ጉልበቱን እጥፍ አይጠይቅህም፤ ሰባት ስምንት እጥፍ ይጠይቅሃል። ለዚህ ነው ሁሉንም መስመር ለካ ያልኩህ። የሆነውን ሳልነግረው፣ በሦስት ፍጥነት ብሄድ ኖሮ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆይ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። በጣቱ አሰላ። ሁለት ሰዓት አይጠፋውም አለ።

እኔም አሰላሁ። በሦስት ብንሄድ፣ አዛን ሊል ሩብ ሰዓት ሲቀረው እንደርስ ነበር። ሁለተኛውን መስመር ለክቼው ቢሆን ይህን አውቅ ነበር።

እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠቅልዬ አገሬ ገባሁ። ሰዓዳ ያኔውኑ ወደ አገር ተመልሳ፣ አሁን ከሚሴ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ተመላሾች ያረፉበትን ሁሉ ጠይቃለች፤ ጅማም ሐረርም ሄዳለች። የዘህራ የሳዑዲ ስልክ ከዚያ ቀን ወዲያ አልሠራም። በየዒዱ ትደውልልኝና ትመርቀኝ ነበር። "አንተ ለእኔ ብለህ ኢቃማህን አስይዘሃል፤ ባትሪው አላህ ያለው ነው" ትለኝ ነበር። እኔም አሚን እላለሁ። ሌሊት ሌሊት የምሰማው ጩኸት ወይም ለቅሶ አይደለም፤ ከእግሬ ሥር የምትቀጥነዋ መንቀጥቀጥ ናት። ነቅቼ እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ።

እኔን የለወጠኝ ይኼ ነው። ሰፈራችን በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ገብቷል። ስንት ሰዓት ያጠጣል ብለው ይጠይቁኛል፤ ባትሪ ያውቃል ተብዬ። ራሴ ሳልቆምበት አልናገርም። "ገና ነኝ፣ አላየሁትም" እላለሁ። ጎልማሶቹ ሽማግሌው ዘገምተኛ ሆነ ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። እናንተም ያላያችሁትን "አልቋል" ብላችሁ ስትመልሱ፣ በዚያ ቃል ላይ ነገ ማን ተሳፍሮ እንደሚሄድ አታውቁም።

ባለፈው ዓመት ምርቃቱን መሸከም አቃተኝ። ከሚሴ ሄድኩ። ከጨርቆቿ መሃል በርጩማ ሰጠችኝ። ደብተሩን፣ ሃያ አምስቱን፣ ሰማንያ ስምንቱን፣ "ለክቼዋለሁ" ያልኳትን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"በዝግታ ብንሄድ እንደርስ ነበር?"

"በሦስቱ እንደርስ ነበር። ሩብ ሰዓት ሲቀረው።"

"ሩብ ሰዓት" አለች። ገዢ መጣ፤ ተነስታ ጨርቅ ለካችለት፣ በክንዷ፣ ሁለት ጊዜ ደግማ። ስትመለስ አላየችኝም። ተነስቼ ሄድኩ።

ዒድ መጣ፤ አልደወለችም። መብቷ ነው አልኩ። ዒዱ ካለፈ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

"ለእኔ የነገርከኝን ጻፈው" አለችኝ። "ሰው ያንብበው። ሌላውን ስም እንደፈለግህ አድርገው፤ የልጄን ግን እንዳትነካው።"

ስለዚህ የራሴንም የሌሎቹንም ስም ቀይሬያለሁ። ሐናን ግን ሐናን ናት።